ሐራራ ያለባት ነፍሰ ጡር፦ «ዛሬውኑ አቁሚው» ለምን አይበቃም?

ሱስ ያለባት ሴት ማርገዟ ሲሰማ ከዘመድም ከጎረቤትም የሚመጣው ምክር አንድ ነው። «ለልጅሽ ስትይ በቃ፣ ዛሬውኑ አቁሚው!» ከክፋት የመጣ ቃል አይደለም። ሁላችንም ብንሆን ይኸንኑ ነው የምንለው።

ግን ምክሩ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው የሕክምና ነው። አንዳንድ ነገሮችን በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ መተው ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ሁለተኛው የሰው ጠባይ ነው። ማቆም ያቃታት ሴት «አቁሜያለሁ» ማለት ትጀምራለች። ቀጥላ ሐኪም መሸሽ ትጀምራለች። ቅድመ ወሊድ ክትትል ሳይኖራት ሆዷ ይገፋል። አንዳንዷ ሆስፒታል የምትደርሰው ምጥ ይዟት ነው።

ከዚህ በታች የማወራው በአብዛኛው ስለ አሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እዚያ የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ ዕጾች) ሱስ ሀገር ያመሰ ጉዳይ ስለሆነ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች የሚሰጠው ሕክምና በደንብ ተጠንቷል። የእኛም ሰው እዚያ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ታካሚ ሆኖ፣ ብዙው ደግሞ ነርስ፣ አስታማሚ ወይም አስተርጓሚ ሆኖ ነገሩን በቅርብ ያየዋል። መጨረሻ አካባቢ ወደ ጫታችንና ወደ ጠላችን እመለሳለሁ።

ሐራራ ሁሉ አንድ አይደለም

የጫት ሐራራን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰዓቱ ሲያልፍ ያዛጋል፣ ያነጫንጫል፣ ሌሊት ዱካክ ይመጣል። ደስ አይልም፤ ግን ያልፋል። የኦፒዮይድ ሐራራ ሌላ ነው። ኦፒዮይድ የሚባሉት ከኦፒየም የሚገኙ ወይም እሱን አስመስለው የተሠሩ መድኃኒቶችና ዕጾች ናቸው፤ ሞርፊን፣ ትራማዶል፣ ኦክሲኮዶን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል። ሰውነት እነዚህን ከተላመደ በኋላ ሲያጣቸው ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ያየ ሰው ከባድ ጉንፋን በአሥር ተባዝቶ የመጣ ይመስለዋል።

ታዲያ ነፍሰ ጡሯ ጥርሷን ነክሳ ብትችለውስ? ድሮ የሐኪሞች ዋና ፍርሃት ሐራራው ጽንሱን ይገድላል የሚል ነበር። ዛሬ ይበልጥ የሚያስፈራቸው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሱስ እንደ ወባ ያገረሻል። ሴትየዋ ሦስት ሳምንት ወይም ሁለት ወር ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ሰውነቷ የነበረውን ልምድ ያጣል። አንድ ቀን ስታገረሽ የምትወስደው የድሮውን መጠን ነው። ያ መጠን ግን አሁን ለሰውነቷ ከአቅም በላይ ነው። ትንፋሿ ይቆማል። የእሷ ትንፋሽ ሲቆም ደግሞ የጽንሱም ኦክስጅን ይቆማል።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የማህጸንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ኦፒዮይድ የለመደች ነፍሰ ጡርን ከማስቆም ይልቅ በመድኃኒት ማከም ይሻላል ያለው። እዚያ የደረሱት የሚያገረሽባቸው ብዙ መሆናቸውን አይተው ነው።

አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ሌላ መልክ አላቸው። አልኮል ለጽንስ ደህና የሚባል መጠን ስለሌለው መቆም አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣች ሴት በድንገት ስታቆም ሰውነቷ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። እንደሚጥል በሽታ ማለት ነው። ስለዚህ ማቆሙ ሆስፒታል ተኝታ፣ በመድኃኒት እየተረዳች ይደረጋል። እንደ ዲያዜፓም ያሉ ኪኒኖችም በአንዴ አይተዉም፤ ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ። ሲጋራ፣ ኮኬይንና ጫት ግን በዚያው ቀን ቢተዉ ሕይወት ላይ የሚደርስ አደጋ አያመጡም። የሚከብደው ውሳኔው ላይ መጽናቱ ነው፤ እሱም ድጋፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ «አቁሚ» ከማለት በፊት የሚጠየቀው «ምንድን ነው የምትወስጂው? በቀን ምን ያህል? ለምን ያህል ጊዜ?» ነው።

«አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት አይደለም ወይ?»

ለኦፒዮይድ የሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን። ሁለቱም ራሳቸው ከኦፒዮይድ ወገን ስለሆኑ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የሚያነሱት ደግሞ ባል፣ እናት ወይም የንስሐ አባት ስለሆኑ ጥያቄው ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ብንመልሰው ይሻላል።

አንጎል ውስጥ ኦፒዮይድ የሚያርፍባቸው መቀመጫዎች አሉ። ሄሮይን ወይም ፌንታኒል ዘሎ ይቀመጥባቸዋል፣ ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነሳል። ሲነሳ ሐራራ ይመጣል። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ከፍና ዝቅ ነው። ጽንሱም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ሜታዶን መቀመጫው ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከ24 ሰዓት ላላነሰ ጊዜም ይቆያል። ሞቅታ የለም፣ ሐራራም የለም። ሴትየዋ ገንዘብ ፍለጋ ስትሮጥ አትውልም። ከማን እንደምትገዛ፣ በመርፌው ምን እንደሚገባ አትጨነቅም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቀጠሮዋን ታከብራለች። ልዩነቱ ይህ ነው። ሱስ የምንለው ሕይወትን እያፈረሰም ቢሆን መፈለግን ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ ውጦ ወደ ሥራ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

ሜታዶን ለዚህ ሥራ የዋለው ከ1965 ወዲህ ነው፤ በኒውዮርክ ሐኪሞቹ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር ካሳዩ በኋላ። ቡፕረኖርፊን ቆየት ብሎ የመጣ ነው። መቀመጫውን አጥብቆ ይይዛል፣ ኃይሉ ግን ሙሉ አይደለም፤ ስለዚህ ትንፋሽ የማቆም አደጋው ያንሳል። አንድ ጠባይ አለው። ሌላ ኦፒዮይድ መቀመጫው ላይ እያለ ከተወሰደ ያንን ገፍትሮ ያስነሳውና ድንገተኛ ሐራራ ያመጣል። ስለዚህ የሚጀመረው ትንሽ ሐራራ መሰማት ሲጀምር ነው።

ሁለቱን ያወዳደረ ትልቅ ጥናት በ2010 ታትሟል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በኦስትሪያ 175 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የቡፕረኖርፊን እናቶች የወለዷቸው ልጆች (እንዲህ ያሉ ልጆች ሲወለዱ ሐራራ ሊይዛቸው ይችላል) ሆስፒታል የቆዩት በአማካይ 10 ቀን ነው። የሜታዶን እናቶች ልጆች 17 ቀን ተኩል። በሌላ በኩል ቡፕረኖርፊን ከተሰጣቸው እናቶች መካከል አልተስማማኝም ብለው ጥናቱን ያቋረጡት ይበልጡ ነበር። ስለዚህ «ይኼኛው ይሻላል» ተብሎ ተዘግቶ አልቀረም። በሜታዶን ደህና የሆነች ሴት ስላረገዘች ብቻ አትቀየርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ መድኃኒቱ የማይበቃት ይመስላታል። ጠዋት የወሰደችው ማታ ላይ ያልቅባታል። «ሱሴ እየባሰ ነው» ብላ ታፍራለች። አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ደም ይበዛል፣ ጉበትም ሜታዶንን ቶሎ ቶሎ ያስወግዳል። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል ወይም በቀን ለሁለት ይከፍለዋል። ልጁ ሲወለድ የሚይዘው ሐራራ ደግሞ እናቱ በወሰደችው መጠን ልክ አይጨምርም። ለልጄ ብላ በራሷ ፈቃድ የምትቀንስ ሴት፣ ልጇን ሳትጠቅም ራሷን ለማገርሸት ታጋልጣለች።

ምጥ ሲመጣ የዕለቱ መድኃኒት አይቋረጥም። ምጡን ግን አያስታግስም፤ ሰውነቷ ለምዶታል። ስለዚህ እንደማንኛዋም እናት የወገብ ማደንዘዣ ሊሰጣት ይገባል። በቀዶ ሕክምና ከወለደች ከሌላው ሰው የበለጠ የሕመም ማስታገሻ ልትፈልግ ትችላለች። «ዕጽ ፈልጋ ነው» ተብላ መታማት የለባትም። አንድ የሚያዝ ነገር፦ ናልቡፊንና ቡቶርፋኖል የሚባሉት ማስታገሻዎች ለእሷ አይሆኑም። መድኃኒቷን ከመቀመጫው ገፍትረው በምጥ መሐል ሐራራ ያመጡባታል። ይህን ለአዋላጇ አስቀድሞ መንገር ያዋጣል።

ልጁ «ሱሰኛ ሆኖ» አልተወለደም

ጋዜጦች የሚወዱት አባባል ነው። ስህተት ነው። ሕጻን ልጅ አይፈልግም፣ አይመርጥም፣ አይደብቅም። በእትብቱ ይመጣለት የነበረው ነገር በአንድ ቀን ተቋርጦበታል፣ በቃ። ሰውነቱ ለምዶ ስለነበር ሐራራ ይይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ይጀምራል። ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ቀጠን ብሎ ይጮኻል፣ ያስነጥሳል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ሰገራው ይቀጥናል። ስለዚህ እናቱ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ስትወስድ የነበረች ልጅ ምንም ባይታይበት እንኳ ከ4 እስከ 7 ቀን ሆስፒታል ሆኖ ይታያል። ይህ የሚድን ሕመም ነው።

የሕክምናው አካሄድ ግን ለረጅም ጊዜ ጠማማ ነበር። በ1975 ሎሬታ ፊኔጋን የምትባል የፊላደልፊያ የሕጻናት ሐኪም የምልክቶች ዝርዝር አወጣች። ነርሷ በየሦስትና አራት ሰዓቱ ልጁን እያየች ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ትሰጣለች። ስንት ጊዜ አስነጠሰ? ስንት ጊዜ አዛጋ? ነጥቡ ከፍ ሲል ሞርፊን ይጀመራል። በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ወጥ ሆኖ የሚቆጥር መንገድ አልነበረም። ግን እያደር አንድ ነገር መጣ። ልጁ ከእናቱ ተለይቶ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል። ክፍሉ መብራት ነው፣ የማሽን ጩኸት ነው። ከስንት ልፋት በኋላ እንቅልፍ ሲወስደው ነጥብ ሊሰጡት ይቀሰቅሱታል። ተቀስቅሶ ሲያለቅስ ነጥቡ ይጨምራል።

በኮነቲከት፣ በዬል ኒው ሄቨን የሕጻናት ሆስፒታል የማቲው ግሮስማን ቡድን ነገሩን ገለበጠው። ልጁን ከእናቱ ጋር አስተኙት። መብራቱን ቀነሱ፣ ድምፁን ዝቅ አደረጉ። ልጁ ይታቀፋል፣ ይጠቀለላል፣ በፈለገ ጊዜ ይጠባል። ነጥብ መቁጠሩን ትተው ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዙ። በደንብ ይበላል? ሳይረበሽ አንድ ሰዓት ይተኛል? ሲያለቅስ አባብለውት በ10 ደቂቃ ውስጥ ዝም ይላል? አዎ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም። መልሱ አይደለም ከሆነ መጀመሪያ እቅፉንና ጡቱን ይጨምራሉ፤ ሞርፊን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በ2008 እና በ2016 መካከል በዚያ ሆስፒታል አማካይ ቆይታ ከ22 ቀን ወደ 6 ቀን ወረደ። ሞርፊን የሚሰጣቸው ልጆች ከ98 በመቶ ወደ 14 በመቶ ወረዱ። አንድ ሆስፒታል ብቻ ስለሆነ ሰው ተጠራጠረ፤ መጠራጠሩም ደግ ነበር። ከዚያ 26 ሆስፒታሎች ውስጥ 1,305 ሕጻናት ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2023 ወጣ። በድሮው መንገድ ልጆቹ ለመውጣት የሚደርሱት በ15ኛው ቀን ገደማ ሲሆን፣ በአዲሱ በ8ኛው ነው። መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከ52 በመቶ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወረዱ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ የአራስ ቤት ነው። ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ ክፍል። ልጁ ከእናቱ ጎን የማይለይበት። ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባበት። አያቶቻችን የሞርፊን ሐራራ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ ክፍሉን ግን አዘጋጅተውታል።

ጡት ማጥባትስ? ሕክምናዋን የያዘችና ሌላ ነገር የማትወስድ እናት ብታጠባ ይመከራል። ወደ ወተቱ የሚያልፈው ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ጥቂት ነው። የሚጠቡ ልጆች ሐራራቸው ይቀላል። ከሄሮይን፣ ከፌንታኒል ወይም ከኮኬይን ገና ያልወጣች እናት ግን አታጥባ። ኤች አይ ቪ ካለባትም ከሐኪሟ ጋር ለብቻው መነጋገር አለባት።

ፍርሃቱ መሠረት አለው

«ብናገር ልጄን ይወስዱብኛል።» ሴቶቹ የሚሉት ይህን ነው። ዝም ብሎ ጥርጣሬ ነው ማለት አይቻልም። ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

በ1980ዎቹ አሜሪካ ክራክ በሚባለው ኮኬይን ተናወጠች። ጋዜጦች እናቶቻቸው ክራክ ያጨሱ ሕጻናት ሁሉ አእምሯቸው የተበላሸ ትውልድ ይሆናሉ ብለው ጻፉ። በፊላደልፊያ ሃላም ኸርት የተባለች ሐኪም ከ1989 ጀምሮ 224 ልጆችን እያየች አሳደገች ማለት ይቻላል፤ ግማሾቹ ኮኬይን በማህጸን ሳሉ የደረሳቸው፣ ግማሾቹ ያልደረሳቸው፣ ሁሉም ግን ደሃ ሰፈር የተወለዱ። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ብዙም አልተለያዩም። ሁሉንም ወደ ኋላ የጎተታቸው ድህነቱ ነበር። ያ የተፈራው ትውልድ አልመጣም። የወጡት ሕጎች ግን ቀሩ።

በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከ1989 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ያቀብል ነበር። እንደወለዱ የታሰሩ ነበሩ። ከታሰሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2001 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ ለፖሊስ ተብሎ መመርመር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ቴነሲ ደግሞ በ2014 እናቲቱን በወንጀል የሚያስከስስ ሕግ አወጣች፤ በ2016 ጊዜው ሲያልቅ አላደሰችውም። በፍሎሪዳ ተሠርቶ በ1990 የታተመ ጥናትም አለ። ነጭና ጥቁር ነፍሰ ጡሮች ሽንት ውስጥ የተገኘው ዕጽ ከሞላ ጎደል እኩል ነበር። ለባለሥልጣን የተጠቆሙት ግን ጥቁሮቹ 10 እጥፍ ያህል ነበሩ።

ዛሬስ? እንደ ስቴቱ ይለያያል። አንዳንዱ ስቴት በእርግዝና ጊዜ ዕጽ መውሰድን እንደ ሕጻን ጥቃት ይቆጥረዋል። ሌላው አይቆጥርም። በፌዴራል ሕግ በዕጽ የተነካ ልጅ ሲወለድ ለእናቲቱና ለልጁ የእንክብካቤ እቅድ ይዘጋጃል። ከ2016 ወዲህ እቅዱ የእናቲቱንም ሕክምና ማካተት አለበት። ይህን እቅድ ከመውለድ በፊት፣ ከሐኪሟና ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብላ ያዘጋጀች ሴት ከወሊድ በኋላ የሚጠብቃት ድንጋጤ ይቀንሳል። የቤቷን አድራሻ፣ ልጁን የሚያግዛትን ሰው፣ የመድኃኒት ቀጠሮዎቿን በወረቀት ይዛ ትገባለች። በእኔ ግምት ከምክሮች ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ሆስፒታሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባልሽ፣ እህትሽ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ እንዲያስተረጉሙ መስማማት የለብሽም። በዚህ ጉዳይ ላይ በተለይ አትስማሚ። የምታውቂው ሰው ፊት እውነቱን መናገር ይከብዳልና። ሁለተኛ፣ የሱስ ሕክምና ማዕከላት መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ የጠበቀ የፌዴራል ጥበቃ አለው። «ሐበሻው ሁሉ ይሰማል» የሚለው ፍርሃት የሚገባ ነው፤ ግን ወሬው ከመዝገቡ እንዳይወጣ ሕግ አለ። ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የሕክምና ማዕከላት ለነፍሰ ጡር ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ወረፋ ሞልቷል ተብላ እንዲሁ አትመለስም።

ወደ ቤት ስንመለስ

በኢትዮጵያ የነፍሰ ጡሯ ፈተና በአብዛኛው ፌንታኒል አይደለም። ጫት ነው፣ ጠላ ነው፣ አረቄ ነው። ችግሩ እነዚህን እንደ ዕጽ ስለማናያቸው ማንም አይጠይቃት። የክትትል ካርዷ ላይ ክብደቷ፣ የደም ግፊቷ፣ የኤች አይ ቪ ውጤቷ አለ። «ትቅሚያለሽ?» የሚለው ግን ብዙ ቦታ አይነሳም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ነገሮች በመጀመሪያው ጉብኝት እንድትጠየቅ፣ ከዚያም በየጉብኝቱ እንድትጠየቅ ይመክራል። ሁሉም ሲጠየቁ ማንም «ምን ታየብኝ?» አይልም።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕጽ ዘመድ ነው። ልብ ያስመታል፣ የደም ሥር ያጠባል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የሚቅሙ እናቶች ልጆች ክብደታቸው ዝቅ ብሎ መወለድ በጥናቶች ተደጋግሞ ታይቷል። ከጫቱ የሚወጣው ነገር ወደ ጡት ወተትም ያልፋል። የሚተካው መድኃኒት የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካሙና ዱካኩ ከባድ ስለሆነ በዚያ ጊዜ አጠገቧ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። የሚቅመው ባሏ ቤት ውስጥ ጎዝጉዞ ከተቀመጠ ግን የእሷን ማቆም ማውራት ቀልድ ነው።

ጠላውስ? «ትንሽ ጠላ ወተት ያመጣል» የማይባልበት ሰፈር የለም። ምናልባት ገብሱ ላይ እውነት አለ፤ አልኮሉ ላይ ግን የለም። በ1991 በአሜሪካ የተሠራ ጥናት እናታቸው አልኮል የጠጣች ሕጻናት ከወትሮው ያነሰ ወተት እንደጠቡ አሳይቷል። የገብስ አጥሚት ያለ ምንም ጠንቅ አለ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። አልኮል በእንግዴ ልጁ አልፎ በቀጥታ ጽንሱ ጋ ይደርሳል፣ የጽንሱ ጉበት ደግሞ ገና ሊያጣራው አይችልም። በ1973 የሲያትል ሐኪሞች ለጉዳቱ ስም አወጡለት፤ የፊት ቅርጽ፣ የእድገትና የአእምሮ ጉዳት። ሐራራና ጉዳት ለየብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። የኦፒዮይድ ሐራራ ልጁ ላይ ሳምንታት ቆይቶ ያልፋል። የአልኮል ጉዳት ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል። አልኮል ሱቅ ስለሚሸጥ ብቻ ይቀላል ብለን እንገምታለን።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ

የማሳቹሴትስ ግዛት 4,154 የኦፒዮይድ ሱስ ያለባቸው እናቶችን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት በ2018 ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ እናቶቹ የወሰዱት ዕጽ መጠን አልፎባቸው አደጋ ላይ የወደቁበትን ጊዜ ቆጠሩ። በጣም ያነሰው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ነው። ሁሉም ሰው የሚከታተላት፣ እሷም ለልጇ ስትል የምትጠነቀቅበት ጊዜ ነው። ከፍተኛው ከወለደች ከ7 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚወስዱት ላይ አደጋው ያነሰ ነበር።

ለምን ያኔ? ምክንያቱ ብዙ ነው። እንቅልፍ የለም። የወሊድ ድብርት ሊኖር ይችላል። ሥራ ትመለሳለች፤ የመድኃኒት ቀጠሮ ከሥራ ሰዓት ጋር ይጋጫል። ለረጅም ጊዜ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበር። ሜዲኬይድ የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ሽፋን ከወለደች በ60 ቀን ያልቅ ነበር። በ2021 የወጣ ሕግ ስቴቶች ሽፋኑን ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ፈቀደላቸው። አብዛኞቹ አራዝመዋል፤ ሐበሻ የሚበዛባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያና ዋሽንግተን ዲሲም በዚያ ውስጥ ናቸው። በ36 ስቴቶች ከ2017 እስከ 2019 የሞቱ እናቶችን ሞት የመረመሩ ኮሚቴዎች፣ ከእርግዝና ጋር ከተያያዘ ሞት ግንባር ቀደሙ የአእምሮ ጤና ችግር ሆኖ አግኝተውታል፤ 23 በመቶ ያህል። ራስን ማጥፋትና መጠን ያለፈ ዕጽ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ።

ናሎክሶን የሚባል በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት አለ። መጠን ያለፈበትን ሰው ከዚያ መቀመጫ ላይ ዕጹን አንስቶ ትንፋሹን ይመልሳል። ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ቦታውን ማወቅ ያለበት ሌላው ሰው ነው፤ እሷ ለራሷ ልትነፋው አትችልም።

የእኛ አራስ ጥየቃ በክርስትናው ያልቃል። ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን። ገንፎው፣ ዶሮው፣ «እስቲ ልጁን አምጪው» የሚሉት ሴቶች፣ ሁሉም እስከዚያ ድረስ ናቸው። በስምንተኛው ወር የሚመጣ ጠያቂ የለም። ልጁ መዳህ ጀምሯል፣ ጥርስ እያወጣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። የሜታዶን ክሊኒኳ ገና ሳይነጋ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፣ ልጁን ይዛ አውቶቡስ መያዝ አለባት። ያኔ የምትፈልገው በዚያ ሰዓት በሯን አንኳኩቶ ልጁን የሚቀበላት ሰው ነው።